ሰባት የሚባል የለም

ደብረ ታቦር፣ ከባጃጅ ተራው ማዶ፣ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ኮፒ አነሣለሁ፣ የተበላሸ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሥራህ ምንድን ነው ብሎ ለጠየቀኝ ግን «ፕሮግራመር ነኝ» ነበር መልሴ። ዲግሪዬን በመስታወት አስገብቼ፣ የገባ ሁሉ ቀድሞ እንዲያየው ከበሩ ፊት ለፊት ሰቅዬዋለሁ። አቧራውን በየጠዋቱ የምጠርገውም እኔው ነኝ።

ይህን ያነሣሁት ልቤ ያን ጊዜ የት ላይ ተሰቅሎ እንደነበረ እንዲታወቅልኝ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውን ሳስታውስ የሚያሳፍረኝ የሠራሁት ብቻ አይደለም። ስሠራው ደስ ብሎኝ እንደነበረ ትዝ ሲለኝ ነው ፊቴ የባሰ የሚቃጠለው። ተፈጥሮዬ ቁጡ ነው፤ በተለይ እኔ አውቀዋለሁ በምለው ነገር ላይ ሰው ሊያስረዳኝ ሲጀምር አላስጨርስም። እናቴ «ይኼ ልጅ ጆሮውን ለአፉ አከራይቶታል» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ግንቦት አጋማሽ ላይ አንድ ሽማግሌ ቄስ ወደ ቤቴ መጡ። ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ገባ ብላ የምትገኝ የአንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዝ ናቸው፤ ዕቃ ቤቱም መዝገቡም በእሳቸው እጅ ነው። ካንገታቸው ጥቁር ክር ሳብ ሲያደርጉ ከማዕተባቸው ጋር የታሰረ ፍላሽ ወጣ። ክሩን ፈቱና ፍላሹን በሁለት እጃቸው አቀረቡልኝ። እኔ በአንድ እጄ ተቀበልሁ።

ጉዳያቸውን ከመጀመሪያው ጀምረው ሊነግሩኝ ሲሉ ሰዓቴን አየሁ። ቢሆንም ነገሩኝ። ከዓመታት በፊት የአጥቢያው ተወላጅ የሆነ አንድ የከተማ ሰው አሮጌ ኮምፒውተር ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጥቶ ነበር። በጊዜው የክርስትና መዝገቡ ሊጠፋ ተቃርቧል፤ የዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ ያፈሳል፣ ገጾቹ ተጣብቀዋል፣ ዳር ዳሩን አይጥ በልቶታል። መዝገቡ ላይ ያለው የእያንዳንዱ ተጠማቂ የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የክርስትና አባቱ ወይም የክርስትና እናቱ ስምና የተጠመቀበት ቀን ነው። ቄሰ ገበዙ ከሰውየው ዘንድ ሁለት ሳምንት ተማሩና፣ መብራት ባለ ቀን ከቅዳሴ መልስ እየተቀመጡ፣ በአንድ ጣት ፊደል እየለቀሙ ስድስት ዓመት ጻፉ። ጽፈው በጨረሱ በወሩ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ጭስ አውጥቶ ቀረ። አሮጌው መዝገብ ደግሞ በዚያን ጊዜ ሲነኩት የሚፈርስ ሆኖ ነበር። የቀረው ፍላሹ ብቻ ነው።

በእኛ አገር የክርስትና ስም እንደ ዓለም ስም አደባባይ አይውልም። ሰው በዓለም ስሙ ይኖራል፣ ያርሳል፣ ይካሰሳል፤ በክርስትና ስሙ የሚጠራው ሲቆርብና ሲሞት ነው። መተት የሚፈራው ጭራሽ ይደብቀዋል። ወላጆቹና የክርስትና እናቱ ካለፉ በኋላ ያን ስም የሚያውቀው መዝገቡ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሰው ሲሞት ካህናቱ ለፍትሐት ይቆሙና ስሙ ማን ነበር ብለው ይጠይቃሉ፤ ቤተ ዘመዱ እርስ በርሱ ይተያያል፤ ያን ጊዜ ቄሰ ገበዙ ወደ ዕቃ ቤት ገብተው ስሙን ይዘው ይወጣሉ። ሽማግሌው ይዘውልኝ የመጡት እንግዲህ ይኼንን ነበር።

ፋይሉን ከፈትሁት። ከላይ እስከ ታች የፈረንጅ ፊደል፣ ቁጥርና የመደመር ምልክት ነው። አንዲት «ሀ» እንኳ የለችበትም። ኮፒ ሊያስነሡ የመጡ ሁለት የቢሮ ጸሐፊዎችና አንዲት ተማሪ ወረፋ ይጠብቁ ነበርና አንገታቸውን አስግገው አዩ። ሰው ሲያየኝ እኔ ሌላ ሰው ነኝ። ወዲያው ፓይተንን ከፈትሁ፤ ፕሮግራም የምጽፍበት ቋንቋ ነው። ፋይሉን በተለያየ መንገድ እየሞከረ የሚያነብ አጭር ፕሮግራም እዚያው ጻፍሁ። ለእሳቸው ብዬ አልነበረም፤ ጣቶቼ ሲሮጡ ወረፋ ጠባቂዎቹ እንዲያዩልኝ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። የትኛው ፊደል በየትኛው ቁጥር እንደሚወከልና ያ ቁጥር እንዴት እንደሚቀመጥ በዓለም ላይ ስምምነት አለ። የአቀማመጡ ዓይነት ግን ከአንድ በላይ ነው፤ ዛሬ ሁሉም ሰው ማለት ይቻላል የሚጠቀምበት በስሙ መጨረሻ ላይ ስምንት ቁጥር አለበት። አንዱ ዐሥራ ስድስት፣ ሌላው ሠላሳ ሁለት ይባላል። በአንዱ ተጽፎ የተቀመጠን ነገር በሌላው ከከፈቱት የሚወጣው ሌላ ነው።

በስምንት ሞከርሁ፤ ያው የፈረንጅ ፊደል። በዐሥራ ስድስት ሞከርሁ፤ ስክሪኑ በቻይና ፊደል ተሞላ። አንደኛው ጸሐፊ አባ ቻይና ገብተዋል ብሎ ቀለደና ሁላችንም ሳቅን። ሽማግሌው ምን እንዳሳቀን ስላልገባቸው እሳቸውም አብረውን ፈገግ አሉ። ከዚያ በምርኩዛቸው ተደግፈው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ እኔ ስከፍተው ይጠይቀኝ ነበር። በየትኛው ልክፈተው ይላል። ስምንትም አለ፣ ሰባትም አለ። እኔ ሰባቱን ነው የምለው።»

«ሰባት የሚባል የለም አባ» አልሁ።

«አለ እንጂ። ሳስቀምጠውም በሰባት ነው። ሰባት ፍጹም ቁጥር ነው ብዬ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ከሁሉም አስበልጬ ሳቅሁ፤ ኮምፒውተር ሃይማኖት የለውም አልኋቸው። እንዲያ ስል ተማሪዋ አፏን በደብተሯ ስትሸፍን አይቻለሁ፤ አባባሌ እንደተወደደልኝ ገባኝና ደስ አለኝ።

አሁን ሳስበው እንቅልፍ የሚነሣኝ አንድ ነገር አለ። በዓይኔ ፊት ከተከፈተው ፕሮግራም ውስጥ «ስምንት» የሚለውን ቁጥር ወደ «ሰባት» መለወጥ አንድ ቁልፍ መንካት ነበር። አንድ ቁልፍ። ሰባት የሚባል ባይኖር ማሽኑ ራሱ የለም ብሎ ይነግረኝ ነበር፤ የሚጠፋ ነገር አልነበረውም። እኔ የተማርሁት የማላውቀውን ነገር ገበሬ ቄስ ሊያውቀው አይችልም ብዬ ስላመንሁ ብቻ ጣቴን አላነሣሁም። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ሲባል አላዋቂው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ፍላሹን ነቅዬ መለስሁላቸው። «ይኼ ጽሑፍ አይደለም አባ» አልሁ። «ስድስት ዓመት የለቀሙት ከንቱ ነው። ሲያስቀምጡት ነው የጠፋው።»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት?»

«አንቱ ነዎት።»

ከዚያ ፍላሹን ከማዕተባቸው ጋር መልሰው አሰሩት፤ ክሩን መቋጠሩ ጊዜ ወሰደባቸው፤ እኔም ቀጣዩን ደንበኛ ጠራሁ። ሲወጡ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥህ ብለው መረቁኝ። አሜን ማለቴን አላስታውስም።

ፋይሉ ስሞክረው በእኔ ኮምፒውተር ላይ ተገልብጦ ቀርቶ ነበር። ማሕደር ከፈትሁለትና «ቻይና» ብዬ ሰየምሁት። ጓደኞቼ ሲመጡ እየከፈትሁ፣ የቄሱን ድምፅ እያስመሰልሁ፣ «ሰባት ፍጹም ቁጥር ነው» እያልሁ አሳቅሁበት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እኔ አጥሩን ነቅንቄ አልበቃ ብሎኝ ሰው ጠርቼ አስነቀነቅሁ።

ሐምሌ ውስጥ ገሳይ ያለ አንድ ቢሮ ፕሪንተር ተበላሽቶበት ተጠራሁና በሚኒባስ ሄድሁ። ዝናቡ ያለ ማቋረጥ ይወርዳል። ግማሽ መንገድ እንደሄድን ሽማግሌው ቄስ በጭቃው ውስጥ ከአንዱ ግቢ ወጥተው ወደ ሌላው ሲሻገሩ በመስኮቱ አየኋቸው። ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበዋል፤ በብብታቸው በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር ይዘዋል። ውሻ ይጮኽባቸዋል። ሚኒባሱ ሲያልፋቸው ዘወር አሉ፤ እኔ ወደ ስልኬ አቀረቀርሁ።

ከኋላዬ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ሴት ተቀምጣ ነበር። ለጎረቤቷ ስለ ቄሱ ማውራት ጀመረች። መዝገቡን ኮምፒውተር ላይ ራሳቸው አጥፍተውት፣ ስም ለመልቀም ቤት ለቤት መዞር ከጀመሩ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው አለች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዓውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው፣ የሙታናችሁን ስም ያጠፋሁ እኔ ነኝና ይቅር በሉኝ ብለው ሕዝቡ ፊት እንዳለቀሱም ተናገረች። ጎረቤቷ የእናንተንስ ቤት ስም አገኙት ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«የእናቴን ማን ያውቀዋል» አለች ሴትዮዋ። «ክርስትና እናቷ የሞተችው እኔ ሳልወለድ ነው። እናቴም ከታመመች በኋላ አፏ ተይዞ ነበር። ሰኔ ላይ ስትሞት በዓለም ስሟ ፈቷት። የሰው እናት የቀበርሁ ነው የሚመስለኝ።»

ይህን ስሰማ ደነገጥሁ ብል ደስ ባለኝ። አልደነገጥሁም። አዘንሁ እንጂ፤ ያዘንሁትም ሽማግሌ ሰው የማያውቀውን ማሽን ምን ያነካካዋል እያልሁ ነው። ራሴን ከነገሩ ውስጥ አንዲት ቦታ ላይ እንኳ አላገኘሁትም። ገሳይ ወርጄ ፕሪንተሩን ሠራሁ፣ ተመሰገንሁ፣ ተመለስሁ።

ኅዳር ሲገባ አንድ ደንበኛ ዱሮ ከውጭ አገር የተላኩለትን ኢሜይሎች ከአሮጌ ዲስክ እንዳወጣለት ሰጠኝ። በፈረንሳይኛ የተጻፉ ናቸው። አብዛኛው ፊደል ደህና ይነበባል፤ እዚህም እዚያም ግን በመደመር ምልክት የሚጀምር የተዘበራረቀ ነገር ጣልቃ ይገባል። ያ የመደመር ምልክት የሆነ ቦታ ያየሁት መሰለኝ። ወደ ኢሜይሉ ራስጌ ወጥቼ የአቀማመጡን ዓይነት አነበብሁ። የስሙ መጨረሻ ሰባት ነበር።

ቆይቼ ስለ ነገሩ ፈልጌ አነበብሁ። ኢሜይል ከተራ የፈረንጅ ፊደልና ቁጥር በቀር ሌላ ነገር በደህና ማሳለፍ በማይችልበት ዘመን፣ የሌላውን ዓለም ፊደል ሁሉ በፈረንጅ ፊደል ሸፍኖ ለማሳለፍ የተፈጠረ ዘዴ ነው። ስምንቱ ዓለምን ሲሞላ ሰባቱ ተረሳ። ዛሬ የሚጠቀምበት የለም ለማለት ይቻላል፤ ግን አለ። አሮጌ የጽሑፍ ፕሮግራሞች ከምርጫዎቻቸው አንዱ አድርገው ይዘውት ነበር፤ ፓይተንም ያውቀዋል፣ ግንቦትም ላይ ያውቀው ነበር። ያላወቅሁት እኔ ነኝ።

«ቻይና» የሚለውን ማሕደር ከፈትሁ። አሁን ሳየው እያንዳንዱ መስመር በአንድ ዓይነት ሁለት ነገር ይጀምራል፤ በመደመር ምልክትና በፈረንጁ ትልቅ E። የእኛ ፊደላት በዓለም ሰንጠረዥ ላይ ሁሉም በአንድ ሰፈር ስለሚኖሩ፣ በዚህ ዘዴ በግዕዝ ፊደል የሚጀምር መስመር ሁሉ እንዲያ ሆኖ ይጀምራል። ይኼንን ጀማሪ ተማሪ እንኳ ቢያይ አንድ ሥርዓት እንዳለው ይጠረጥር ነበር። ከንቱ የሆነ ነገር በሺህ በሚቆጠር መስመር ላይ አንድ ዓይነት ጅማሬ አይኖረውም። ለሳቅ ስከፍተው ስንት ጊዜ ዓይኔ ላይ ነበር።

ያን ግንቦት ላይ የጻፍሁትን ፕሮግራም ፈልጌ አገኘሁት። ስምንቱን አጠፋሁ፣ ሰባት ጻፍሁ፣ አስነሣሁት። ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ ስክሪኑ በስም ተሞላ። ወለተ፣ ገብረ፣ ኃይለ፣ ኪዳነ፣ ወልደ እያለ ይወርዳል፤ ከስሙ ጎን ቀኑ፣ ከቀኑ ጎን የክርስትና እናቱ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከተለቀመው ከዚያ ሁሉ ፊደል አንድም የጎደለ አልነበረም። መካከል ላይ ደርሼ ቄሰ ገበዙ ከራሳቸው የጨመሩትን አንድ መስመር አነበብሁ፤ «ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ሦስት ስሞች ውኃ ወስዷቸዋል። አንተ ታውቃቸዋለህ» ይላል። እዚያ ላይ አለቀስሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ቢሆንም አለቀስሁ።

እንባዬ ሳይደርቅ የመጣልኝ ሐሳብ ግን ይቅርታ ልጠይቅ የሚል አልነበረም። ይኼንን ምን ብዬ ላቅርበው የሚል ነበር። ዝርዝሩን በወፍራም ወረቀት አተምሁ፣ ጠረዝሁ፣ ከላይ በፕላስቲክ ሸፈንሁ። እሑድ ማለዳ በሚኒባስ ሄጄ ከመንገዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በእግሬ ወጣሁ። ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ ለቄሰ ገበዙ በሁለት እጄ አቀረብሁላቸው። አዲስ ፕሮግራም ሠርቼ አወጣሁት አልኋቸው። በአንድ በኩል እንዳልዋሸሁ ራሴን አሳመንሁ፤ ፕሮግራም ነበር፣ ቁጥሩም አዲስ ነበር። እንዲህ ያለው እውነት ከውሸት ይልቅ ያስጠላል።

ሽማግሌው መጀመሪያ አላመኑኝም። መነጽራቸውን አውጥተው አንድ ገጽ አነበቡ፣ ገለጡ፣ ሌላ አነበቡ። ከዚያ ክንዴን ይዘው ወደ ዓውደ ምሕረቱ አወጡኝና ሊበተን የነበረውን ሕዝብ ጠሩት። የሙታናችሁን ስም እኔ ኃጢአተኛው አጥፍቼው ነበር፣ ይኼ ልጅ ደክሞ አነሣው፣ መርቁልኝ አሉ። እልልታው ቀለጠ። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ መሬት መሬት አያለሁ፤ ሕዝቡ ትሕትና መሰለው።

በሚኒባሱ ያየኋት ባለ ጥቁር ሻሽ ሴት ሰው እየሰነጠቀች መጣች። የእናቷን የዓለም ስምና የአያቷን ስም ለቄሰ ገበዙ ነገረች። ገጽ ገለጡ፣ በጣታቸው ወረዱ፣ አገኙት፤ ጮክ ብለው አነበቡላት። ሴትዮዋ በጉልበቷ ወደቀች። ስትነሣ ወደ እኔ ዞራ እጄን ይዛ ሳመችው። ልነጥቃት ፈለግሁ፣ ግን ሕዝቡ እያየ ነበርና ተውኋት።

ሕዝቡ ከሄደ በኋላ ቄሰ ገበዙ ደጀ ሰላሙ ውስጥ አስቀመጡኝ። ጠላና ዳቦ መጣልኝ። እሳቸው ገጹን እየገለጡ ቆዩ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ በምን ከፈትኸው?» አሉኝ።

«ረጅም ነው አባ፣ ነገሩ።»

«አጭሩን ንገረኛ።»

የያዝሁት ዳቦ እጄ ላይ ቀረ። ሌላ ውሸት ፈልጌ ነበር፤ አንድ ሁለት እንኳ ደርሶልኝ ነበር። ዓይናቸው ላይ ግን ምንም ተንኮል የለም፤ ሊያጠምዱኝ አልነበረም፣ ሊማሩ ነበር የጠየቁኝ። ሌላ ኮምፒውተር ቢገኝ እንዳይሳሳቱ።

«በሰባት» አልሁ።

ነግሬህ ነበር ሊሉኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እንዲያ ቢሉኝ በተሻለኝ ነበር።

«እንግዲያ ያጠፋሁት እኔ አልነበርሁም?» አሉ።

ያን ጊዜ ነው እውነተኛው ሐፍረት የመጣው። እስከዚያ ድረስ የነበረው ተዋረድሁ የሚል ነበር። ሽማግሌው ከግንቦት እስከ ኅዳር ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው ከርመዋል፤ ሕዝብ ፊት አልቅሰዋል፣ ሌሊት ተነሥተው ሰግደዋል፣ በሰባ ዓመት ጉልበታቸው የክረምቱን ጭቃ ወጥተው ወርደዋል። ዛሬ ጠዋት እንኳ ራሳቸውን ኃጢአተኛው ብለው እኔን አስመርቀውኛል። «አንቱ ነዎት» ያልኋቸው እኔ ነኝ። ከወንበሬ ወርጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ ሁሉንም ነገርኋቸው። ማሕደሩን ምን ብዬ እንደሰየምሁት፣ ድምፃቸውን እያስመሰልሁ ስንት ሰው እንዳሳቅሁ፣ አላስቀረሁም።

አላስነሡኝም። ቆይተው እግዚአብሔር ይፍታህ አሉ። ቀኖና ስጡኝ ብዬ ለመንኋቸው።

«ስግደት አላዝህም» አሉ። «ወጣት ነህ፣ በአንድ ቀን ትጨርሰዋለህ። ከግንቦት ወዲህ በዓለም ስማቸው የፈታናቸው አራት ናቸው። ፍትሐቱን እኛ በስማቸው እንደግመዋለን። አራቱ ቤት ሂድና እንዴት እንደሆነ ካፍህ ይስሙት።»

ሦስቱን ቤት በሚቀጥለው ቅዳሜ ጨረስሁ። በአንዱ ቤት የሟች ልጅ ሰደበኝ፤ ያ ቀለለኝ። በሌላው ቤት ግን ከሰሙኝ በኋላ ብላ ብለው እህል አቀረቡልኝ፤ እሱ ነው አልወርድ ያለኝ። አራተኛው ቤት የባለ ጥቁር ሻሿ ሴት ነበር። እጄን የሳመችው እሷ ስለሆነች ወደ እሷ ለመሄድ ሦስት ሳምንት ሰበብ ፈለግሁ። ሥራ በዛ፣ ጉንፋን ያዘኝ፣ መኪና ጠፋ። ወደ ታኅሣሥ አጋማሽ፣ የእናቷ መንፈቅ ሳይደርስ፣ ሄድሁ።

ከቤቷ ደጅ ገብስ ታበጥር ነበር። ስታየኝ ሰፌዷን አስቀምጣ ተነሣች፤ ፊቷ በራ። ግባ፣ እንዴት ያለ ቀን ነው፣ ብላ በርጩማ አወጣችልኝ። አልቀመጥም አልሁ፤ ቆሜ ነገርኋት። ቄሰ ገበዙ በግንቦት ፍላሹን ይዘውልኝ እንደመጡ፣ እንዴት እንደሚከፈት ነግረውኝ እንዳላዳመጥኋቸው፣ እናቷ ስትሞት ፋይሉ በእኔ ዘንድ እንደነበረ። እያወራሁ ሳለ ከፊቷ ላይ ያ ብርሃን ቀስ እያለ ሲሄድ አየሁት። ስጨርስ ወፎች ገብሱ ላይ አርፈው ነበር፤ አላባረረቻቸውም።

«እናቴን ስቀብር ስሟ አንተ ጋ ነበር?» አለች።

«አዎ።»

«ያ ሁሉ ሰው እየተላቀሰ፣ አንተ ጋ?»

«አዎ» አልሁ። ማሕደሩ ምን ይባል እንደነበረ ግን ለእሷ ልነግራት አልቻልሁም። ለቄሰ ገበዙ ነግሬያለሁ፣ ለእሷ አልነገርኋትም። ይኸው አሁን ጻፍሁት።

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሰደበችኝም። ሻሿን አስተካክላ፣ እጇን አጣጥፋ፣ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«በል ጥራልኝ» አለች። «አንተ ጋ ከርሟል አይደል። ከአንተ አፍ ልስማው።»

አፌን ከፈትሁ። ወለተ ብዬ ጀመርሁ፤ መዝገቡ ላይ ካሉት ሴቶች ብዙዎቹ እንዲያ ነው የሚጀምሩት። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ስሙን በስክሪን አሳልፌዋለሁ፣ በወረቀት አትሜዋለሁ፣ በእጄ ጠርዤዋለሁ፤ ቄሰ ገበዙ ጮክ ብለው ሲያነቡላት ከጎኗ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ የማስበው ስለ ራሴ ነበርና አልሰማሁትም። ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላነበብሁትም። ሴትዮዋ ጠበቀችኝ። አየችኝ። እንደማላውቀው ገባት።

ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገረው አድርጋ፣ የእናቷን ስም ነገረችኝ። ደገምሁት። አሁንም አንድ ጊዜ በል አለችኝ፤ አልሁት። ከዚያ በል ሂድ አለችኝና ወደ ገብሷ ተመለሰች።